ለምርምር የሚሆን መረጃ ከሌሎች የዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤቶች እንዴት ይጠየቃል?

ለምርምር የሚያስፈልገን መረጃ ብዙ ጊዜ እዚያው በምንማርበት ወይም በምንሠራበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጧል። የተማሪዎች ውጤት ሬጅስትራር ዘንድ አለ፤ የመምህራን ብዛትና የትምህርት ደረጃ የሰው ሀብት ክፍል ዘንድ፤ የበጀት አጠቃቀም ፋይናንስ ዘንድ፤ የመጻሕፍት ውሰት ቤተ መጻሕፍት ዘንድ። ሆኖም ደብዳቤ ከገባ በኋላ መልሱ ሳይመጣ ሴሚስተሩ ያልቃል። አልያም መልስ ይመጣና የተጠየቀው ሌላ፣ የተላከው ሌላ ይሆናል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን የቢሮ እምቢተኝነት አድርገው ያዩታል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ራሱ ሳይበስል ስለሚላክ ነው ብዬ አምናለሁ። «የተማሪዎችን መረጃ በመስጠት እንድትተባበሩን» የሚል ደብዳቤ የተመራለት ባለሙያ የትኛውን ፋይል ከፍቶ፣ የትኛውን ዓመት መርጦ፣ ምን ምን እንደሚልክ ከየት ያውቃል? ገምቶ ቢልክ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያቆየዋል።

ሐሳቡ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጥናቱ «የማጠናከሪያ ትምህርት የተከታተሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ካልተከታተሉት ይልቅ ወደ ሁለተኛ ዓመት ያልፋሉ ወይ?» የሚል ነው እንበል። መረጃው ከሬጅስትራርና ከማጠናከሪያ ትምህርት ማእከሉ ይመጣል።

1. ይፋ የወጣውን አስቀድመው ይፈልጉ

የዓመታዊ ስታቲስቲክስ መጽሔት፣ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት፣ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ፣ ቀደም ብለው የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ይታዩ። የዕቅድና በጀት ወይም የተቋማዊ ጥናት ክፍል ካለ ከሁሉም በፊት እዚያ ይሂዱ፤ ከየቢሮው የተሰበሰበ መረጃ የሚጠራቀመው እነዚህ ክፍሎች ዘንድ ነው። የሚፈልጉት ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ከሆነ ምናልባት ሥራዎ እዚህ ላይ ያበቃል። ካላበቃም፣ ቢሮዎቹ በምን ስያሜና በምን አከፋፈል እንደሚጽፉ ከነዚህ ሰነዶች ይማራሉ፤ ይህ ለሚቀጥለው እርምጃ በጣም ያስፈልግዎታል።

2. ባዶ ሠንጠረዥ ይሥሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ። ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት፣ እንዲላክልዎ የሚፈልጉት ፋይል ሲከፈት ምን እንደሚመስል አስበው ርዕሶቹን ብቻ የያዘ ባዶ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። በምሳሌያችን እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ተማሪ ነው። ዓምዶቹ ደግሞ 7 ናቸው፦ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ዓመት፣ ኮሌጅ፣ ጾታ፣ የመግቢያ ውጤት፣ የአንደኛው ሴሚስተር አማካይ ውጤት፣ የተከታተላቸው የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜዎች ብዛት፣ ለሁለተኛ ዓመት ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም።

ረድፉ ምን እንደሆነ መናገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ሬጅስትራሮች ውጤት የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ በተማሪና በኮርስ ነው፤ አንድ ተማሪ 6 ኮርስ ከወሰደ 6 ረድፍ ይኖረዋል። እርስዎ አንድ ረድፍ ለአንድ ተማሪ እንደሚፈልጉ ካልገለጹ የሚመጣልዎ ፋይል ስድስት እጥፍ ሆኖ ያገኙታል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ዓምድ ይጠይቁት፦ ይህ ባይኖር የትኛው የምርምር ጥያቄዬ ሳይመለስ ይቀራል? መልስ ከሌለው ይሰረዝ። ስም፣ ስልክ ቁጥርና የልደት ቀን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። «ለማንኛውም ይኑርልኝ» ብሎ መጠየቅ ሁለት ጉዳት አለው፤ የባለሙያውን ሥራ ያበዛል፣ ፈቃድ ሰጪውንም ያስፈራል።

ከዚያ ትርጓሜው ይመጣል፤ ቁጥሮች እርስ በርስ የሚጋጩት እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉበት። «ትምህርት ያቋረጠ» ማን ነው? ፎርም ሞልቶ የወጣ፣ በውጤት የተሰናበተ፣ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ፣ አንድ ዓመት አርፎ ዳግም የተመዘገበ፣ ምንም ሳይናገር የቀረ፤ እነዚህ በመዝገብ ላይ የተለያየ ኮድ አላቸው፤ ለምርምርዎም ትርጉማቸው ለየቅል ነው። በውጤት የተሰናበተን በራሱ ፈቃድ ከወጣው ጋር ደምሮ ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት መደምደሚያ መስጠት አይቻልም። «የተማሪ ብዛት» ሲሉስ? በምዝገባ የመጀመሪያ ቀን ያለው ቁጥር፣ የኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ ጊዜ ካለፈ በኋላ ያለው፣ ሴሚስተሩ ሲዘጋ ያለው ሦስቱም ይለያያሉ። በዚያ ላይ አንዳንድ ሪፖርቶች ሰው በሰው ይቆጥራሉ፤ ሌሎች ደግሞ የትርፍ ሰዓት ተማሪዎችን በወሰዱት ክሬዲት መጠን ወደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለውጠው ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ቆጠራው የተወሰደበትን ቀንና የአቆጣጠሩን መንገድ በጽሑፍ ያስቀምጡ።

በሌሎች ቢሮዎችም እንዲሁ ነው። የሰው ሀብት ክፍልን «የመምህራን ብዛት» ሲጠይቁ ለከፍተኛ ትምህርት የሄዱት ይቆጠራሉ ወይ? የኮንትራትና የትርፍ ሰዓት መምህራንስ? ፋይናንስ ዘንድ የጸደቀ በጀት፣ በዓመቱ አጋማሽ የተስተካከለ በጀትና በሥራ ላይ የዋለ ወጪ ሦስት የተለያዩ ዓምዶች ናቸው። የበጀት ዓመቱና የትምህርት ዘመኑ የሚጀምሩበት ቀን ካልገጠመ ደግሞ «የአንድ ተማሪ ወጪ» ብለው የሚያካፍሉት ቁጥር የሁለት የተለያዩ ዘመናት ቅይጥ ይሆናል።

3. መረጃውን በእጁ የያዘውን ሰው ያነጋግሩ

ደብዳቤው የሚጻፈው ለኃላፊው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ሌላ ሰው ነው። ባዶ ሠንጠረዡን ይዘው ባለሙያውን አስፈቅደው ያነጋግሩ። አስቸኳይ ነገር እየጠየቁ እንዳልሆነ፣ ጥያቄዎን ለማስተካከል እንደመጡ ይንገሯቸው። የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ይህ መረጃ በሲስተም ላይ አለ ወይስ በወረቀት ማኅደር? ከየትኛው ዓመት ጀምሮ? በመካከል ሲስተም ተቀይሯል ወይ? የዓምዶቹ ስያሜ እናንተ ዘንድ ምን ይባላል? ይህን ለማውጣት ምን ያህል ሥራ ይጠይቃል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከልብ መጠየቅ አለበት። አንዱን ዓምድ በደቂቃ ማውጣት ሲቻል ሌላው በሺህ የሚቆጠሩ ማኅደሮችን አንድ በአንድ ማገላበጥ ሊጠይቅ ይችላል። ያንን ካወቁ ወይ ዓምዱን ይተዉታል፣ ወይ ናሙና ብቻ ይጠይቃሉ፣ ወይ ደግሞ ቢሮው ከፈቀደ ረዳት ይዘው በቦታው ተገኝተው ራስዎ ይመዘግባሉ።

ጊዜውንም ይምረጡ። ሬጅስትራርን በምዝገባ ሳምንት፣ በውጤት ማስገቢያና በምረቃ ሰሞን፣ ፋይናንስን በበጀት ዓመት መዝጊያ መጠየቅ ሰዎቹን ማስጨነቅ ነው፤ ጥያቄዎም ከክምሩ ሥር ይቀበራል።

4. የሥነ ምግባር ፈቃድ

መረጃው ስለ ግለሰቦች ከሆነ ፕሮፖዛሉ ወደ ምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይቀርባል። «ሰው አላነጋገርኩም፣ የነበረ መዝገብ ነው የምጠቀመው» የሚለው ምክንያት ከኮሚቴው አያስቀርም። ኮሚቴው ጉዳዩን አይቶ ሙሉ ግምገማ አያስፈልገውም ሊል ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን ራሱ ኮሚቴው ነው። ባዶ ሠንጠረዡን ከፕሮፖዛሉ ጋር ያያይዙ። ኮሚቴው ያጸደቀውና ለቢሮው የሚላከው ዝርዝር ቃል በቃል አንድ መሆን አለበት፤ በኋላ አንድ ዓምድ መጨመር ቢያስፈልግ ማሻሻያ ጠይቀው ነው።

የኮሚቴው ፈቃድ ቢሮውን አያስገድደውም። መዝገቡን በኃላፊነት የያዘው ጽሕፈት ቤት የራሱን ሕግ ተመልክቶ ይወስናል። ለምሳሌ የትምህርት መዛግብትን ምስጢር የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው፣ ለተቋሙ ለሚሠራ ጥናት የተማሪዎችን መዝገብ ያለ ፈቃዳቸው ለመስጠት የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። የእርስዎ አገርና ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚል አስቀድመው ያንብቡ፤ ሕጉን ጠቅሶ የሚጽፍ አመልካች የቢሮውን ፍርሃት ያቀልላል።

5. የሰዎቹን ማንነት ይጠብቁ

ፋይሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች እርስዎን አያውቁዎትም፤ ውጤታቸውንም እንዲያዩ አልጠየቁዎትም። ስለዚህ ይህ ክፍል ከወረቀት ሥራ በላይ ነው።

ስም ስለጠፋ ሰው አይታወቅም ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ የ1990ን የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አድርገው፣ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶው በልደት ቀን፣ በጾታና ባለ 5 አሃዝ በሆነው የፖስታ መለያ ቁጥር ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል ገምተዋል። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ክበቡ ይበልጥ ጠባብ ነው። በአንድ ትምህርት ክፍል በአንድ ዓመት የገቡት ሴቶች ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ ያንን ረድፍ ያየ የክፍል ጓደኛ ወዲያው ያውቃቸዋል። በምሳሌያችን ትምህርት ክፍልን ትተን ኮሌጅን የጻፍነው ለዚህ ነው። በሪፖርት ላይም በጣም ጥቂት ሰዎች ያሉበትን የሠንጠረዥ ሣጥን መሸፈን የተለመደ ነው፤ መነሻው ከተቋም ተቋም ይለያያል፣ ከ5 ወይም ከ10 በታች የሚሉ ብዙ ናቸው። አንዱን ሣጥን ብቻ ሸፍነው ድምሩን ከተዉት ግን አንባቢ ቀንሶ ያገኘዋልና ሁለተኛ ሣጥንም መሸፈን ያስፈልጋል።

የሁለት ቢሮዎችን መረጃ ማገናኘት ሲያስፈልግ ችግሩ ይጠነክራል፤ ማገናኛው የመታወቂያ ቁጥር ነውና። የምመክረው መንገድ ይህ ነው፦ የማጠናከሪያ ማእከሉ ዝርዝሩን በቀጥታ ለሬጅስትራር ይላክ፤ ሬጅስትራር ሁለቱን አገናኝቶ፣ መታወቂያ ቁጥሩን አጥፍቶ፣ በዘፈቀደ በተሰጠ ተራ ቁጥር ተክቶ ለእርስዎ ይስጥ። እንዲህ ሲሆን የተማሪዎቹ መታወቂያ እርስዎ እጅ ላይ ጨርሶ አይወድቅም። መታወቂያ ቁጥሩን በስሌት ወደ ሌላ ኮድ መለወጥ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ በሆነው የኒውዮርክ ታክሲዎች የጉዞ መረጃ ላይ የታክሲዎቹ ቁጥር እንዲህ ተለውጦ ነበር። ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች ውስን ስለነበሩ ሁሉንም አስልቶ ወደ ዋናው ቁጥር መመለስ ቀላል ሆነ። የተማሪ መታወቂያም ሥርዓት ያለው አጭር ቁጥር ስለሆነ ያው ዕጣ ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብም ወደ ግለሰቡ ሊመለስ የሚችልን ኮድ አሁንም የግል መረጃ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

መጠይቅ ለመላክ የተማሪዎችን ኢሜይል ዝርዝር የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። አያስፈልግም። የመጠይቁን ማስፈንጠሪያና የመግለጫ ደብዳቤውን ለቢሮው ይስጡ፤ ቢሮው በራሱ አድራሻ ለተማሪዎቹ ይላክልዎ። ይህ ጥያቄ ከአድራሻ ዝርዝር ይልቅ በጣም በቀለለ ሁኔታ ይፈቀዳል።

6. ደብዳቤውን ይጻፉ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ዝርዝሩ በአባሪ ይሁን። ተማሪ ከሆኑ ከትምህርት ክፍልዎ የትብብር ደብዳቤ ያስጽፉና አብረው ያቅርቡ። የሚከተለውን ከራስዎ ጉዳይ ጋር አስማምተው ይጠቀሙበት፦

ቀን ________
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ ለምርምር የሚውል የተማሪዎች መረጃ ስለመጠየቅ

በ________ ትምህርት ክፍል ________ ስሆን፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ወደ ሁለተኛ ዓመት በማለፋቸው ላይ ያለውን አስተዋፅኦ በማጥናት ላይ እገኛለሁ። ጥናቱ በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ በቁጥር ________ በቀን ________ ጸድቋል።

ለዚህ ጥናት ባለፉት ሦስት የትምህርት ዘመናት በመደበኛው ፕሮግራም አንደኛ ዓመት የገቡ ተማሪዎችን የሚመለከትና በአባሪ 1 የተዘረዘሩትን 7 ዓምዶች የያዘ መረጃ በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ፋይል እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር እንዲካተቱ አልጠይቅም። የማጠናከሪያ ትምህርት ማእከሉ የተሳታፊዎችን ዝርዝር በቀጥታ ለጽሕፈት ቤቱ ለመላክ ተስማምቷል።

መረጃውን የምናየው እኔና አማካሪዬ ብቻ ነን። በይለፍ ቃል በተቆለፈ ማኅደር ይቀመጣል፤ እስከ ________ ድረስም ይደመሰሳል። ውጤቱ የሚቀርበው በጥቅል ሲሆን የማንንም ተማሪ ማንነት አያሳይም።

መረጃው እስከ ________ ቢደርሰኝ ጥናቱን በጊዜው ለማጠናቀቅ ይረዳኛል። በተጠየቀው መልክ ለመስጠት የማይቻል ከሆነ በአባሪ 2 የቀረበውን የጥቅል ሠንጠረዥ ብቻ በመሙላት እንድትተባበሩኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ ኢሜይል
አባሪ፦ 1. የዓምዶች ዝርዝርና ትርጓሜ 2. የጥቅል ሠንጠረዥ 3. የኮሚቴው ፈቃድ
ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ

አባሪ 2ን አይናቁት። ኃላፊው «አይሆንም» ከማለቱ በፊት «ይህስ ይሆናል» የሚልበት በር የሚከፍትለት እሱ ነው።

7. ይከታተሉ

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ የተሰጠውን ቁጥርና ቀን ይያዙ። ሲደውሉ «ጉዳዬ ከምን ደረሰ?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ቁጥር የገባው ደብዳቤ ለማን ተመራ?» ብለው ይጠይቁ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አጭር ማስታወሻ በቂ ነው፤ በየቀኑ መመላለስ ሰውን ያሰለቻል።

እምቢ ከተባሉ የትኛው ክፍል እንዳልተፈቀደና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አንድ ዓምድ ነው፤ እሱ ሲወጣ ሌላው ይፈቀዳል። የመረጃ ነጻነት ሕግ ባለባቸው አገሮች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም የሚታዘዙበት ሁኔታ አለ፤ ለምሳሌ በብሪታንያ ሕግ መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ለቀረበላቸው ጥያቄ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ሆኖም ይህ መንገድ የግለሰቦችን ምስጢር አያስከፍትም። አብረው ከሚሠሩት ቢሮ ጋር በሕግ አንቀጽ መነጋገርም የወደፊቱን በር ሊያጠብ ይችላልና ሌላው ሁሉ ካልሆነ በኋላ የሚታሰብ ነው።

8. የደረሰዎትን ፋይል ይፈትሹ

ፋይሉ ተቆልፎ ይላክልዎ፤ የይለፍ ቃሉ ግን በዚያው ኢሜይል ሳይሆን በስልክ ይነገርዎ። የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነኩ ያስቀምጡና በቅጂው ይሥሩ።

ትንተና ከመጀመርዎ በፊት ረድፎቹን ቆጥረው በመጀመሪያው እርምጃ ካገኙት ይፋ ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ይህ ቀላል ቆጠራ ትልቅ ስህተት ይይዛል። የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ሳይገቡ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነበር። ከዚያ በመጀመሪያ ላይ ዜሮ ያላቸው ኮዶች ዜሮአቸው ተቆርጦ እንደሆነ፣ በቀኖች ላይም ቀንና ወር ቦታ ተቀያይረው እንደሆነ ይመልከቱ። ኤክሴል ቀን የሚመስለውን ሁሉ ወደ ቀን ይለውጣል፤ የዘረ መል ስያሜዎችን ሳይቀር ወደ ቀን ይለውጥ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2020 የአንዳንዶቹ ስም በይፋ እንዲቀየር ሆኗል። ባዶ ሣጥኖች ምን ማለት እንደሆኑም ይጠይቁ፤ «ውጤት የለውም»፣ «ፈተናውን አልተፈተነም» እና «አልተመዘገበም» በአንድ ባዶ ሣጥን ሊጻፉ ይችላሉ።

ያልገጠመ ቁጥር ሲያገኙ የረድፉን ተራ ቁጥርና ጥያቄዎን በአንድ ዝርዝር አሰባስበው በአንድ ጊዜ ይላኩ። መልሱን ባገኙበት ቀን መዝግበው ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡ፤ ከወራት በኋላ የጥናት ዘዴውን ሲጽፉ የሚያስታውሱት ያኔ ነው።

ረቂቁ ሲጠናቀቅ፣ ከመታተሙ በፊት፣ ቁጥሮቹ የቀረቡባቸውን ገጾች ለሁለቱም ቢሮዎች ይላኩ። ኮዱን ከእርስዎ በተሻለ ስለሚያውቁት የተሳሳተ አተረጓጎም ካለ ያዩታል። በምስጋና ክፍሉ ላይ የቢሮዎቹ ስም ይጠቀስ፤ የባለሙያውን ስም ግን ፈቃዱን ጠይቀው ብቻ ይጻፉ። ለመደምሰስ ቃል የገቡበት ቀን ሲደርስም ፋይሉን ከኮምፒውተርዎ፣ ከፍላሽ፣ ከኢሜይልዎና ከአማካሪዎ ዘንድ ካለው ቅጂ ያጥፉ፤ መጥፋቱንም በሁለት መስመር ጽፈው በመጀመሪያው ደብዳቤ ቁጥር ለሬጅስትራር ያሳውቁ።